ቁጣና እውነት፤ ስለ ማልኮም ኤክስ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ወጣት ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንደኛው ይወድቃል። አንደኛው፣ ታሪኩ የተጻፈለትን ሰው እንከን የሌለው አድርጎ ማምለክ ነው፤ ሁለተኛው፣ በሰውየው ላይ አንድ ነውር ባገኘ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቶ መጣል ነው። አምላኪው ከመጽሐፉ ትምህርት አያገኝም፤ ጣዖት ይሰገድለታል እንጂ አይመረመርምና። ናቂውም አያገኝም፤ ነውር የሌለበት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ማንንም ሳያነብ ይሸመግላልና። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የሚጠቅመው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ይኸውም ሰውየው በምን ምክንያት እንዲህ ሆነ፣ በምን ነገር እውነት ነበረው፣ በምን ነገር ተሳሳተ፣ መሳሳቱንስ ባወቀ ጊዜ ምን አደረገ ብሎ እየጠየቁ ማንበብ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ዓይነት እንድታነበው የማቀርብልህ መጽሐፍ የማልኮም ኤክስ የሕይወት ታሪክ ነው። ማልኮም ኤክስ በአሜሪካ አገር በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን በደል በመቃወም ከተነሡት ሰዎች መካከል አንደበቱ እጅግ የተፈራ ሰው ነበረ። መጽሐፉን እርሱ በቃሉ እየተናገረ፣ አሌክስ ሄሊ የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ ከ1963 ጀምሮ እየተቀበለ ጽፎታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ባለ ታሪኩ መጽሐፉ ታትሞ ሳያይ ተገደለ፤ ለማሳተም ተዋውሎ የነበረውም ድርጅት ከግድያው በኋላ ነገሩን ስለ ተወው፣ ግሮቭ ፕሬስ የተባለው አሳታሚ በ1965 አወጣው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰዎች ይህን መጽሐፍ የሚወዱት ስለ ቁጣው ነው፤ የሚጠሉትም ስለ ቁጣው ነው። እኔ ግን ትልቁ ዋጋው ያለው በሌላ ቦታ ይመስለኛል። አንድ የተበደለ ሰው ቁጣውን ሳይጥል፣ በቁጣው ውስጥ ተደባልቆ የነበረውን ሐሰት ለይቶ ሲያወጣ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ይህም ከባድ ሥራ ነው፤ የበደለው ሰው ስሕተቱን ቢያምን ይመሰገናል፤ የተበደለው ሰው ስሕተቱን ቢያምን ግን በዳዩ እንዳይደሰትበት፣ ወገኑም እንዳይሰድበው ይፈራልና።

የቁጣው ምንጭ ምን እንደ ነበረ ሳያውቁ በሰውየው ላይ መፍረድ አይገባም። ማልኮም ሊትል በ1925 ኔብራስካ በምትባለው ክፍለ አገር፣ በኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኧርል ሊትል የባፕቲስት ሰባኪና የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር ሰው ነበረ፤ ጋርቬይ ማለት ጥቁሮች በየትም አገር ቢበተኑ አንድ ሕዝብ መሆናቸውን ያስተማረ የጃማይካ ሰው ነው። ይህን ትምህርት በአደባባይ መስበክ በዚያ ዘመን ሕይወትን የሚያሰጋ ነበረ። በ1929 ሚሺጋን ውስጥ፣ በላንሲንግ ይኖሩበት የነበረው ቤት በሌሊት ተቃጠለ። በ1931 አባትየው ከትራም በታች ተጨፍልቆ ተገኘ። የመንግሥቱ ሹማምንት አደጋ ነው አሉ፤ ቤተ ሰቡ ግን ነጮች ገድለው ሐዲዱ ላይ ጣሉት ብሎ አመነ። ትልቁን የሕይወት ኢንሹራንስ መክፈል የነበረበት ኩባንያ ደግሞ ሰውየው ራሱን ገድሏል ብሎ ገንዘቡን ከለከለ። እናቲቱ ልጆቿን ብቻዋን ለማሳደግ ስትታገል ቆይታ አእምሮዋ ታወከ፤ ከሃያ ዓመት በላይም በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኖረች። ልጆቿ በየሰው ቤት ተበታተኑ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የዚህ ልጅ ቁጣ ከዚህ የመጣ ነው።

ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከእሳቱና ከደሙ ይልቅ የአንባቢን ልብ የሚሰብር አንድ ትንሽ ታሪክ አለ። ማልኮም በስምንተኛ ክፍል ሳለ ከሚማሩት ነጮች መካከል በትምህርቱ ከቀደሙት አንዱ ነበረ፤ የክፍሉም አለቃ ሆኖ ተመርጦ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ወደ ፊት ምን ለመሆን እንደሚያስብ ጠየቀው። ልጁም ጠበቃ ለመሆን እንደሚወድ ነገረው። መምህሩ ይህ ለጥቁር የማይሆን ሐሳብ መሆኑን ገልጾ፣ እጁ ለሥራ የተካነ ስለ ሆነ አናጢ ቢሆን እንደሚሻል መከረው። በትምህርት ከእርሱ ያነሱት ነጮች ልጆች ግን የተመኙትን ሁሉ እንዲሞክሩ ይመከሩ ነበር።

ይህን ክፍል ስታነብ አንድ ነገር ልብ በል። መምህሩ ልጁን አልመታውም፤ እንዲያውም በደግነት የመከረው መስሎት ነበር። የቀለም ልዩነት ክፋቱ ከሁሉ የሚብሰው በዚህ ነው፤ በክፉ ሰዎች እጅ ብቻ ቢሠራ ኖሮ ጠላቱን መለየት ቀላል በሆነ ነበር። ክፋቱ ግን ልማድ ሆኖ በደጋግ ሰዎች ምክር ውስጥ ይገባል። ቤት ያቃጠለው ሰው ቤት ብቻ አቃጠለ፤ መምህሩ ግን የልጁን ተስፋ አቃጠለ፤ ያቃጠለ መሆኑንም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው የወጣትነቱ ታሪክ በቦስተንና በኒው ዮርክ ሃርለም የሚፈጸም ነው፤ ቁማር፣ ሐሺሽ መሸጥ፣ ቤት ሰብሮ መስረቅ። በዚህ ክፍል መጽሐፉ ይረዝማል፤ ደግሞም ይጋነናል። ማኒንግ ማራብል የተባለው የታሪክ ምሁር በ2011 ባወጣው ሰፊ ጥናት፣ ማልኮም የኋለኛው መለወጡ ጎልቶ እንዲታይ የቀድሞ ወንጀሉን አብዝቶ እንደ ተናገረ ገልጿል። ይህ ንስሓ የገቡ ሰዎች ሁሉ ፈተና ነው። የወደቁበት ጉድጓድ በጠለቀ መጠን የወጡበት ክንድ ብርቱ ይመስላልና፣ ጉድጓዱን በአፋቸው ይቆፍሩታል። አንባቢ ይህን ዐውቆ ማንበብ አለበት።

በ1946 ማልኮም በስርቆት ተይዞ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ1952 እስኪወጣ ድረስም ከስድስት ዓመት በላይ ታሰረ። ከመጽሐፉ ሁሉ ለተማሪ የሚጠቅመው ምዕራፍ ይህ ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ ሲፈልግ ቃል አጣ፤ መጽሐፍ ሲገልጥም ብዙው ቃል ባዕድ ሆነበት። ስለዚህ ከወህኒ ቤቱ ትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት፣ ደብተርና እርሳስ ለመነና፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከነነጥቡ ከነሰረዙ ገለበጠ። አንዲቱ ገጽ አንድ ቀን ፈጀችበት። በማግሥቱ የጻፈውን ደግሞ አነበበ፤ ከዚያም ሁለተኛውን ገጽ ቀጠለ፤ እንዲህ እያለ መዝገበ ቃላቱን በሙሉ እንደ ገለበጠ ይናገራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት እንዲህ ባለ ቦታ ይፈጸማል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ፣ ከመተላለፊያው በሚገባው ጭላንጭል እያነበበ፣ ዘበኛው ሲመጣ አልጋው ላይ ተኝቶ እየመሰለ፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝና ዐሥር ሰዓት ያነብ ነበር። ዓይኑ የደከመውና መነጽር ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። መምህሩ የዘጋበትን በር ወህኒ ቤት ውስጥ በእርሳስ ከፈተው።

ከዚህ ቀጥሎ ለሂስ የሚያስቸግረው ክፍል ይመጣል። ማልኮም በእስር ቤት ሳለ በኤላይጃ ሙሐመድ ይመራ ወደ ነበረው፣ የእስላም ሕዝብ ወደሚባለው ማኅበር ገባ። ሊትል የሚለውን የቤተ ሰብ ስም ባሪያ አሳዳሪዎች ያወጡት ነው ብሎ ጥሎ፣ ባልታወቀው አፍሪካዊ ስሙ ምትክ ኤክስ የሚለውን ፊደል ያዘ። ማኅበሩ ሰካራሙን ከስካር፣ ሌባውን ከስርቆት መልሷል፤ ጥቁሩ ራሱን እንዳይንቅ አስተምሯል። ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ያው ማኅበር ነጮች ሁሉ በተፈጥሯቸው ሰይጣናት ናቸው፣ ያኩብ የተባለ ጥንታዊ ሊቅ በክፋት የፈጠራቸው ዘር ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። ማልኮምም ይህን ትምህርት አሥር ዓመት ከዚያም በላይ በብርቱ አንደበቱ ሰበከ።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። አንድን ሰው በቆዳው ምክንያት ዝቅ ያለ ፍጡር ነው ማለት ሐሰት ከሆነ፣ ሌላውን ሰው በቆዳው ምክንያት ሰይጣን ነው ማለት እውነት ሊሆን ይችላልን? አይችልም። ሚዛኑ አንድ ነው፤ የተለወጠው በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። በርግጥ ሁለቱ ሐሰቶች በኃይል እኩል አልነበሩም፤ አንደኛው ሕግ፣ ፖሊስና ገመድ ነበረው፤ ሁለተኛው የነበረው አፍ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የሚዘነጋ ፈራጅ ፍርደ ገምድል ነው። ቢሆንም የደካማ ሰው ሐሰት በደካማነቱ እውነት አይሆንም።

ይህ ሐሰት ወዴት እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ፤ በዚህ መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም። በ1961 መጀመሪያ ማልኮም በማኅበሩ ትእዛዝ አትላንታ ሄዶ፣ ጥቁሮችን በመግደል ከታወቀው ከኩ ክላክስ ክላን ሰዎች ጋር ተቀምጦ ተነጋገረ። ሁለቱም ወገኖች ዘሮች ተለያይተው መኖር አለባቸው ይሉ ስለ ነበር መነጋገሪያ አላጡም። ሰውየው ይህን በሕይወቱ የመጨረሻ ሳምንታት በአደባባይ እያፈረ ተናግሮታል። በመጽሐፉ ውስጥ በሰፊው ቢገባ ኖሮ፣ ጥላቻ ጠላቱን መምሰል እንደሚጀምር ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ባስተማረ ነበር።

መጽሐፉ የሚነግረን ሌላ ታሪክ አለ። አንዲት ነጭ የኮሌጅ ተማሪ ንግግሩን ሰምታ እጅግ ስለ ተነካች፣ ኒው ዮርክ ድረስ በአውሮፕላን ተከትላው መጣች። በሃርለም በሚገኘው የማኅበሩ ምግብ ቤት አግኝታው፣ እኔ ምን ላደርግ እችላለሁ ብላ ጠየቀችው። እርሱም ምንም ልታደርግ እንደማትችል ነገራት። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች። በዚያን ቀን ማልኮም በስምንተኛ ክፍል መምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መምህሩ ለጥቁሩ ልጅ በቆዳህ ምክንያት አይሆንልህም አለው፤ እርሱም ለነጯ ልጅ በቆዳሽ ምክንያት አይሆንልሽም አላት። ይህን ማነጻጸር እኔ ያመጣሁት ነው፤ መጽሐፉ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አያቆማቸውም። አስተውሎ የሚያነብ ግን ያያቸዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ማልኮም ኤላይጃ ሙሐመድን እንደ አባት ያየው ነበር። በ1963 ግን መሪው ለሌሎች የከለከለውን ነውር ራሱ እየሠራ፣ ከጸሓፊዎቹ ልጆች መውለዱን አረጋገጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መገደል በተናገረው ቃል ምክንያት ከመናገር ታገደ፤ በመጋቢት 1964 ከማኅበሩ ወጣ። በሚያዝያ ለሐጅ ወደ መካ ሄደ፤ በዚያም ከነጫጭ ሰዎች ጋር በአንድ ሳህን በላ፤ በአንድ ምንጣፍ ላይ ሰገደ። ወደ አገሩም ደብዳቤ ልኮ፣ የነጭነት ክፋት በቆዳ ውስጥ የተፈጠረ አለመሆኑን፣ ከአስተሳሰብና ከሥራ የሚመጣ መሆኑን እንደ ተረዳ ለወገኖቹ ነገረ። ኤል ሐጅ ማሊክ ኤል ሻባዝ የሚለውን ስም ያዘ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ክፍል ሲያነቡ አንበሳው በግ ሆነ ብለው ይደሰታሉ፤ ሌሎችም እንዲሁ ብለው ያዝናሉ። ሁለቱም አልተረዱትም። ሰውየው ከሐጅ ተመልሶ ትግሉን አልተወም፤ በአሜሪካ ያለው በደልም ቀንሷል አላለም። የተለወጠው፣ ጠላቱን በቀለሙ መለየት ትቶ በሥራው መለየት መጀመሩ ነው። እኔ ግን በዚህም ክፍል ላይ አንድ ትችት አለኝ። በዚያች በቅድስት አገር ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1962 ነበር፤ ይኸውም እርሱ ከመድረሱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የንጉሣዊው ቤተ ሰብ እንግዳ የነበረው ማልኮም ያየውን ወንድማማችነት ሲያመሰግን፣ መጽሐፉ በዚህ ላይ አይቆምም። በእንግድነት የተቀበሉንን ሰዎች መመርመር ጠላትን ከመመርመር ይከብዳል፤ እርሱም ሰው ነበረ።

የአዲሱ ሐሳቡ ፍሬ ለእኛም አገር የቀረበ ነው። በግንቦት 1963 የአፍሪካ መንግሥታት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ማልኮምም በሰኔ 1964 በኒው ዮርክ የአፍሮ አሜሪካውያን አንድነት ድርጅት ብሎ ያቋቋመው፣ ይህንኑ የአዲስ አበባ ድርጅት በስምም በዓላማም አብነት አድርጎ ነው። በሐምሌ ካይሮ ላይ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ተገኝቶ፣ የአሜሪካ ጥቁሮችን ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ፊት እንዲያቀርቡላቸው በጽሑፍ ለመነ። ጥያቄው የአንድ አገር የዜግነት መብት ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ መብት ነው ማለቱ ነበር። ጉባኤውም ጉዳዩን ወደ ተባበሩት መንግሥታት አልወሰደውም፤ በአሜሪካ ያለው የዘር ልዩነት እንደሚያሳስበው ግን በውሳኔ ገለጸ። በዚያው ዓመት ማልኮም አዲስ አበባንም ጎብኝቷል።

ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋርም ያለውን ነገር እንዲሁ አስተካከለ። ቀድሞ ይሰድበው ነበር፤ ፊት ለፊት የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጋቢት 1964 በዋሺንግተን ምክር ቤት ነው። በየካቲት 1965 ኪንግ በሰልማ ታስሮ ሳለ ማልኮም ወደዚያ ሄዶ፣ ለባለቤቱ ለኮሬታ ኪንግ የመጣው ሥራቸውን ለማደናቀፍ አለመሆኑን፣ ነጮቹ ሌላው አማራጭ ምን እንደ ሆነ ቢያዩ ኪንግን መስማት እንደሚቀላቸው አስቦ መሆኑን ነገራት። መሣሪያ አንሥቶ ማንንም እንዳልመራ፣ ያስተማረውም የተጠቃ ሰው ራሱን የመከላከል መብት እንዳለው መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

አሁን የመጽሐፉ ታላቅነት ወደሚታይበት ነገር ደረስን። ማልኮም ከማኅበሩ በወጣ ጊዜ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፎች ተጽፈው ነበር፤ በእነርሱም ውስጥ ኤላይጃ ሙሐመድን እንደ አባት እያመሰገነ ተናግሯል። ሄሊ ለማረም የላከለትን ጽሑፍ በቀይ ቀለም ሰርዞ ሊለውጠው ፈለገ። ሄሊም ይህ ቢደረግ የታሪኩ ኃይል እንደሚጠፋ አስረዳው። ማልኮም በመጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን አስቦ እንዳለ ይቅር አለ። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያመነው ሰውና የተታለለው ሰው ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ብዙ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ድሮም እንዲህ ነበር የማስበው ይላል። ይህ ሰው ግን የደነቆረበትን ዘመን በራሱ ቃል ለትውልድ ተወው።

ይህንንም የፈጸመው ጊዜ ሳይኖረው ነው። የካቲት 14 ቀን 1965 ቤቱ በእሳት ተመታ፤ የካቲት 21 ቀን በኦዱቦን አዳራሽ ሊናገር በቆመበት በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 39 ዓመት ነበረ። በ1966 ሦስት ሰዎች ተፈረደባቸው። ከእነርሱ አንዱ መግደሉን አምኖ ሁለቱ እንደሌሉበት በዚያው ችሎት ተናግሮ ነበር፤ የሰማው ግን የለም። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሁለቱን ነጻ ያወጣቸው በኅዳር 2021 ነው፤ 55 ዓመት አልፎ፣ አንደኛውም በ2009 ከሞተ በኋላ። እንግዲህ አነጻጽር። አንድ የተበደለና የሚታደን ሰው የአሥር ዓመት ስሕተቱን ለማረም ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ በቃው፤ ሕግ፣ መዝገብና ዳኛ ያለው ታላቅ መንግሥት ግን አንድ ስሕተቱን ለማረም የሰው ዕድሜ ፈጀ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዕድሜህ ግፍ ታያለህ፤ ትቆጣለህም። ግፍ አይቶ የማይቆጣ ሰው ልቡ የሞተ ነውና መቆጣትህን አልነቅፍም። ነገር ግን ቁጣህ የበደለህን ሰው ትቶ፣ ስሙን ወይም ቋንቋውን ወይም ቆዳውን የሚካፈለውን ሁሉ መክሰስ በጀመረበት ቀን፣ ቆም ብለህ ይህን መጽሐፍ አስታውስ። ተሳስተህም ስታገኘው ነገ አርመዋለሁ አትበል። ማልኮም ያችን እያለቀሰች የወጣች ልጅ በኋላ አስቧት ነበር፤ ስሟን ወይም አድራሻዋን ባወቀ፣ በጻፈላትና ነጮች በገዛ ወገኖቻቸው መካከል ያለውን ጥላቻ በመዋጋት ብዙ ሊሠሩ እንደሚችሉ በነገራት ተመኝቶ ነበር። ስሟን አላወቀም፤ ጊዜውም አልበቃውም። መጽሐፉ ውስጥ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ የቀረው ይህ ነው።